አፏን ያዋሰች ሴት

ከብዙ ወንዝ ማዶ፣ ደመና ከአናቱ በማይለየው አምባ ሥር፣ ስሟን ባልጠራውም የማትቀየመኝ አንዲት አገር ነበረች። ሰዎቿ እንደ ማንም ሰው ያርሳሉ፣ ይወልዳሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ከሌላው ሕዝብ የሚለያቸው አንድ ሕግ ብቻ ነበር፤ እሱም የአፍ ሕግ ይባላል።

በዚያች አገር ጉዳይ ያለው ሰው፣ ጉዳዩ የድንበር ይሁን የጋብቻ፣ የሽያጭ ይሁን የስጦታ፣ ራሱ አምባው ላይ ወጥቶ፣ ከሊቀ ከናፍር ፊት ቆሞ፣ በገዛ አፉ መናገር አለበት። ሊቀ ከናፍር ማለት የከንፈር ሁሉ አለቃ ነው። ማን ተናገረ፣ ማን ዝም አለ፣ የማን ቃል ቃል ነው የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ከእሱ ፊት ያልተነገረ ነገር እንዳልተነገረ ይቆጠራል።

አምባው ግን ገደል ነው። ሽማግሌው፣ በሽተኛው፣ ዐይነ ስውሩ እንዴት ይውጣው? የጥንት ሰዎች ለዚህ መላ አበጁለት፤ መውጣት ያቃተው ሰው አፉን ለዘመዱ ያውሳል። ሊቀ ከናፍር በየዓመቱ ዝናብ ሲያባራ ወደ ሜዳው ይወርዳል። አዋሹ ባዶ ቅል አፉ ላይ ደግኖ ስሙን ወደ ውስጥ ይናገራል፤ ቅሉም ስሙ ሳይተን ቶሎ ይታተማል። ከዚያ በኋላ ያንን ቅል ያነገተ ዘመድ «እኔ እገሌ» ብሎ በአዋሹ ስም ሲናገር ቃሉ የአዋሹ ቃል ነው።

እስከዚህ ድረስ ደግ ሕግ ነበር። ክፋቱ የመጣው ከጊዜ በኋላ በተለጠፈበት ነገር ነው። አንድ ሰው ሁለት አፍ ሊኖረው አይገባም ተባለና፣ አፉን ያዋሰ ሰው ራሱ ቢናገር ሹማምንቱ እንዳይሰሙት ተደነገገ። አዋሹ ከሹም ፊት አፉን ሲከፍት፣ ሰም ያዥ የሚባለው ሎሌ ከጉያው ለስላሳ ሰም ያወጣና የሹሙን ሁለት ጆሮ ይደፍናል። አዋሹ ተናግሮ እስኪያበቃ ሹሙ ወደ ሰማይ ያያል። ይህ ሲደረግ የሚስቅ ሰው አልነበረም፤ የተለመደ ነገር አያስቅም።

በወንዙ ዳር ማንጠግቦሽ የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ባሏ ከመሞቱ በፊት የውሃ ወፍጮ ሠርቶላታል። ድንጋዩን ከተራራ አንከባልሎ ያወረደው፣ ቦዩንም ከፏፏቴው ድረስ የቆፈረው በገዛ እጁ ነው። እሱ ሲሞት ወፍጮው ለእሷ ቀረ፤ የአካባቢው ሰውም እህሉን የሚያስፈጨው እሷ ጋ ነበር። ረጅም፣ ጠይም፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነ ሴት ናት። ዱቄት ከቅንድቧ ስለማይጠፋ ገና በጎልማሳነቷ ያረጀች ትመስል ነበር፤ የእውነት ስታረጅ ያስተዋለላት አልነበረም።

ልጅ አልወለደችም። የወንድሟ ሚስት በወሊድ ስትሞት ግን የተረፈውን ሕፃን ወስዳ አሳደገችው። ስሙ ስንሻው ይባላል። ስንሻው ቀልጣፋ፣ መልከ መልካም፣ ተጫዋች ሆኖ አደገ። ወፍጮ ቤት ወረፋ የሚጠብቁትን ሴቶች ሲያስቅ ውሎ ሲያስቅ ያመሽ ነበርና «አፈ ማር» ይሉታል። ማንጠግቦሽም ይህን ስትሰማ ደስ ይላታል። እሷ ያጣችውን ጨዋታ እሱ አግኝቶታልና።

አንድ ዓመት ዝናቡ እንዳባራ የወፍጮው ድንጋይ በድንገት ቆመ። ማንጠግቦሽ በምርኩዟ እየተደገፈች ወጥታ ብታይ ቦዩ ደርቋል። ከላይ በኩል የሚያርሰው ጎረቤቷ ቢተው ውሃውን ወደ ሽንኩርት መደቡ ጠልፎታል።

«ምነው ቢተው፣ ምን በደልሁህ?» አለችው።

«ውሃ የእግዜር ነው፣ እሜቴ። ከከፋዎት አምባው ያውልዎ፤ ይውጡና ይክሰሱኝ» አላት፣ ዶማውን ሳያስቀምጥ። ጉልበቷ እንደማይታዘዝላት ያውቃል።

ያን ዕለት ስንሻው ከእግሯ ሥር ቁጭ ብሎ፣ «እትዬ፣ አፍሽን አውሺኝ። ወጥቼ እከራከርልሻለሁ» አላት።

«አፍ እኮ ማጭድ አይደለም ልጄ፤ እንዲሁ አይዋስም።»

«ለባዕድ አልሰጠሽው! ከእኔ ሌላ ማን አለሽ?»

እውነቱን ነው። ከእሱ ሌላ ማንም አልነበራትም።

ሊቀ ከናፍር በዚያው ሳምንት ወረደ። ከንፈሩ በቅቤ የወዛ፣ ሲናገር ራሱን የሚያዳምጥ ወፍራም ሰው ነው። ማንጠግቦሽን ከፊቱ አቁሞ «ለማን ታውሻለሽ?» አላት።

«ለወንድሜ ልጅ ለስንሻው።»

«እስከ መቼ?»

ማንጠግቦሽ ይህን አላሰበችበትም ነበርና ወደ ስንሻው ዞረች። ስንሻው «ጉዳይዋ እስኪያልቅ ነው ጌታዬ» አለ።

ሊቀ ከናፍር ሳቅ አለና፣ «ጉዳዩ ያለቀለት ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። ተዋሹ በገዛ ፈቃዱ እስኪመልስ ድረስ እንበለው» አለ። ባዶው ቅል ቀረበላት። «ማንጠግቦሽ» ብላ ወደ ውስጥ ተናገረች፤ ቅሉም ታተመ፤ ስንሻው በጠፍር አድርጎ አነገተው።

መቼም እውነት እውነት ነውና፣ ስንሻው የተላከበትን ጉዳይ አሳምሮ ፈጸመ። አምባው ላይ ወጥቶ «እኔ ማንጠግቦሽ፣ ውሃዬን ተነጥቄያለሁ» ብሎ ሲከራከር ያዳመጡት ሹማምንት ሳይቀሩ አዘኑ። ቢተው ተፈረደበት። ውሃው ወደ ቦዩ ሲመለስ፣ ድንጋዩም አጉረምርሞ መዞር ሲጀምር፣ ማንጠግቦሽ የልጁን ግንባር ስማ «አፍህ ይባረክ» አለችው።

በሚቀጥለው ዓመት ሊቀ ከናፍር ሲወርድ «እንግዲህ እንመልሰዋ» ብትለው፣ «ለምን እትዬ? ነገ ሌላ ጉዳይ ቢመጣ እንደገና ልትለፊ?» አላት። አነጋገሩ የሚቆረቆር ሰው አነጋገር ነበር። እሷም ተወችው።

መጀመሪያ የሄደው ጽዱ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ከባሏ መቃብር በላይ ካለው የጽድ ደን የመጥረቢያ ድምፅ ሰማች። ሰው ልካ «በማን ፈቃድ ነው?» ብታስጠይቅ፣ ቆራጮቹ «እሜቴ፣ በራስዎ ፈቃድ ነው፤ አምባው ላይ ተናግረዋል» ብለው መለሱላት። ስንሻው ማታ ሲመጣ፣ «ቤት ልሠራ ነው እትዬ፤ ቤቱ ያንቺም ቤት አይደል?» አላት። እሷም «ልጅ ቤት ሲሠራ እንጨት አይነፈግም» ብላ ራሷን አጽናናች። ቀጥሎ ላሞቿ ሄዱ። ከዚያ የጓሮዋ መሬት ሄደ። ሁልጊዜ አንድ ምክንያት አለ፤ ሁልጊዜም ምክንያቱ የሚነገራት ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።

ነገር ግን ከንብረቱ ይልቅ የቆጠቆጣት ሌላ ነው። ሕጉ የሚገዛው ሹማምንትን ብቻ ነበር። የመንደሩ ሰው ጆሮውን እንዲደፍን ያዘዘው የለም። ሆኖም ሰው ሹም ፊት የለመደውን ቤቱ ይዞት ይመጣል። የልጅነት ጓደኛዋ ደብሪቱ የልጅ ልጇን ስትድር ሽማግሌዎቹ «እስቲ ማንጠግቦሽ ትመርቅልን» አሉ። ገና ከመቀመጫዋ ስትነሣ ስንሻው ቅሉን ወደ ፊት አዙሮ፣ «እኔ ማንጠግቦሽ፣ ውለዱ ክበዱ እላለሁ» አለ። ሕዝቡም «አሜን» አለ። ማንጠግቦሽ ግማሽ እንደቆመች ቀረች። የማንንም ዐይን ፈለገች፤ ሰው ሁሉ ግን እጁን ወደ ማዕዱ ልኳል። ቀስ ብላ ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲህ ሠራተኛዋ እንኳ «እሜቴ ምን ይብሉ?» ብላ የምትጠይቀው ስንሻውን ሆነ። አንዳንድ ቀን «እኔ ማንጠግቦሽ ዛሬ አልራበኝም» ብሎ ይወጣል። እሷም ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ትሰማዋለች።

በመጨረሻ ወፍጮውን ሸጠው። ለማን ቢባል ለዚያው ለቢተው። በልዋጩ ሸጋ ኮርቻ የተጫነ ፈረስና በሬዎች ተቀበለ። በሬዎቹን አርዶ ወዳጆቹን ጋበዘባቸው፤ ፈረሱን ተቀመጠበት። ማንጠግቦሽ ከወፍጮው ቤት ወጥታ ከጀርባው ባለችው፣ ቀድሞ የጫኝ አህዮች ማደሪያ በነበረችው ጎጆ ተቀመጠች። በግድግዳው በኩል ድንጋዩ ሲዞር ይሰማታል። ጎልቶ ሲያንኳኳ፣ ቢተው እህሉን አብዝቶ እንደጨመረ ታውቃለች፤ ወጥታ ልትነግረው ትነሣና መልሳ ትቀመጣለች።

ዝናቡ አባርቶ ሊቀ ከናፍር ሲወርድ ግን አልቻለችም። በምርኩዟ እየተጎተተች አደባባይ ወጣች።

«ጌታዬ፣ እኔ ወፍጮዬን…»

ሰም ያዡ ብድግ ብሎ የሹሙን ጆሮ ደፈነ። ሊቀ ከናፍር ወደ ሰማይ አየ። እሷም ስለ ባሏ፣ ስለ ቦዩ፣ ስለ አሳደገችው ልጅ ተናገረች፤ ስትጨርስ ሰሙ ወጣ። ከመጀመሪያው ጀመረች፤ ሰሙ ተመልሶ ገባ። እንዲህ እያለ ሲደጋገም፣ ሰም ያዡ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ «እሜቴ፣ ይተዉ እባክዎ፤ ጆሯቸው ቆሰለ» አላት።

«የኔስ ልብ?»

«ቅሬታ ካለዎት በአፍዎ በኩል ያቅርቡ።»

«አፌ የታለና!»

«ያውልዎ፣ ፈረስ ላይ ተቀምጧል» አላትና ስንሻውን በአገጩ አሳያት።

ስንሻው ከፈረሱ ሳይወርድ ቅሉን መታ መታ አደረገ። «እኔ ማንጠግቦሽ፣ አንዳች ቅሬታ የለኝም። ሊቀ ከናፍርን አመሰግናለሁ» አለ።

«ደግ ሴት ናት» አለ ሊቀ ከናፍር።

ማንጠግቦሽ ጎጆዋ ገብታ ተኛች። አላለቀሰችም። ግን መነሣት ተወች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ የድንጋዩን ድምፅ ስትሰማ ትውላለች። እንደዚያ ሆና ሳለች ደብሪቱ የምስር ሾርባ ይዛላት መጣች። ደብሪቱ አጭር፣ ነገር የማይጠፋት፣ ምላሷ እንደ በርበሬ የሚፋጅ አሮጊት ናት።

«ተነሺና ጠጪ» አለቻት።

«ለማን ብዬ ደብሪቱ? የለሁም እኮ። በልጅ ልጅሽ ሠርግ ላይ ‹ስትመርቂ ዋልሽ› አሉኝ፤ እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ።»

ደብሪቱ አንገቷን ደፋች። «እኔም አሜን ብያለሁ» አለች። «አፈርሁ። እጄ እንጀራው ላይ ነበር።» ከዚያ ሾርባውን ወደ ከንፈሯ አስጠጋችላት። ማንጠግቦሽ ጥቂት ፉት አለች። ደብሪቱ እያየቻት ሳለ በድንገት፣ «አንቺ! የሰውን አፍ የያዘ ሰውየው ራሱ ነው ይል የለ ሕጉ?» አለች።

«እንዲያ ነው የሚሉት።»

«እንግዲያው ማንጠግቦሽ እሱ ነዋ!»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ሕጉን እስከ ዛሬ በግማሽ ነው ያከበርነው። እስቲ ሙሉውን እናክብርለት።»

በማግስቱ ስንሻው በፈረሱ ሲያልፍ ደብሪቱ ከመንገዱ ዳር ቆማ ወገቧን ያዘችና እጅ ነሣች። «እንደምን አደሩ እሜቴ ማንጠግቦሽ? ጉልበትዎ ተሻለዎ?»

ስንሻው ሳቀ። ትንሽ እንደሄደ ውሃ ቀጂዎች ሁሉ «እሜቴ፣ እንደምን አደሩ?» አሉት። አሁንም ሳቀ፤ ግን አነስ አድርጎ።

ቀጥሎ ከማዶ ሰው ሞተና ለቅሶ ሄደ። ከወንዶቹ መካከል ሊቀመጥ ሲል አንድ ሽማግሌ በአክብሮት እጁን ያዙት። «እሜቴ፣ ተሳስተዋል፤ የሴቶች በዚያ በኩል ነው።» ሴቶቹም ቦታ ለቀቁለት። «እዚህ ይቀመጡ፤ ለጉልበትዎ ብለን ገለባ ጎዝጉዘናል» አሉት። አስለቃሿ ወደ እሱ ዞራ «ባሏን የቀበረች፣ ወፍጮ ብቻ የቀረላት» እያለች አወረደችው፤ ሴቶቹም ትከሻውን እየደባበሱ አለቀሱለት። ተነሥቶ እንዳይሄድ ለቅሶ ነው። ቁጭ ብሎ ዋለ።

የሴቶቹ ማኅበር ጥጥ የሚፈትለው በተራ ነበር። አንድ ቀን በሩ ላይ የተባዘተ ጥጥና እንዝርት አኑረውለት ሄዱ፤ «የእሜቴ ማንጠግቦሽ ተራ ደርሷል» ብለው። ተቆጥቶ ጥጡን ቢበትነው፣ መልሰው ለቅመው አመጡለት። ጓደኞቹ ወደ ገና ጨዋታ ሲሄዱ በበሩ ያልፋሉ እንጂ አይጠሩትም፤ «አሮጊት ምን ትሠራለች ሜዳ ላይ?» ይላሉ። ማንም አልሰደበውም፤ ማንም ክፉ አልተናገረውም። ያ ነው የከበደው። እህሉንም ሰው ወደ ቢተው መውሰድ ትቶ ወንዝ ተሻግሮ በጀርባው እየተሸከመ ያስፈጭ ጀመር። ቢተው «ምነው?» ሲላቸው «ወፍጮው የማን እንደሆነ ግራ ገብቶን ነው» ይሉታል። የቢተው ድንጋይ ባዶውን ሲዞር እየዋለ ጥርሱ አለቀ።

ስንሻው ግን ሁሉንም ችሎ ሊኖር ይችል ነበር፤ ነገሩን ያጠነከረው ፍቅር ነው። በወዲያኛው ሸለቆ ተድላ የሚባል ባለጸጋ አለ፤ ሴት ልጁ የስንሻውን ልብ ወስዳለች። ሽማግሌ የሚሆኑለት ሰዎች ቢያጣ፣ ፈረሱን አሸልሞ ራሱ ሊጠይቅ ሄደ። ተድላ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ አስገብቶ አስቀመጠው። ከዚያ «ማን ልበል?» አለው።

ስንሻው ጉሮሮውን ጠረገ። ለስንት ዓመት ከሰው ፊት በቆመ ቁጥር የሚጀምርበት ቃል አንድ ነበርና ምላሱ የለመደውን መንገድ ያዘ። «እኔ ማንጠግቦሽ…» አለ።

 ስንሻው ሊያርም ፈለገ። «እኔ» አለ፤ «እኔ ማለቴ…» እያለ ተንተባተበ። 

ተድላ አልሳቀም። ተነሥቶ ምርኩዝ አቀበለው። «እሜቴ፣ ስለጎበኙን እናመሰግናለን። በዕድሜዎ ይህን ሁሉ መንገድ መምጣት አልነበረብዎም» አለው።

ስንሻው ፈረሱን እየሳበ ወደ ወንዙ ዳር ተመለሰ። ጎጆዋ በር ላይ ሲደርስ ማንጠግቦሽ ሽምብራ ትለቅም ነበር። ከተኛችበት ከተነሣች ወዲህ ፊቷ ተመልሷል፤ ሴቶቹ በየቀኑ እየመጡ ያጫውቷታልና።

«እትዬ፣ ተዉት በያቸው።»

«ማን ይሰማኛል ልጄ? አፌ አንተ ጋ ነው።»

«እንደ ልጅ ነው ያሳደግሽኝ! እንዴት እንዲህ ያደርጉኛል?»

ማንጠግቦሽ ሽምብራውን መልቀም ተወች። ብዙ ዓመት ልትለው ያሰበችው ነገር ነበር፤ ሌት ተቀን ስታሰናዳው ኖራለች። አሁን ስታየው ግን ከንፈሩ የደረቀ፣ ዓይኑ የጎደጎደ ሰው ነው። «እንደ ልጅ አይደለም፤ ልጄ አድርጌ ነው ያሳደግሁህ» አለችው። «ለዚያ ነው ስትወስድ ዝም ያልሁት። ዝምታዬ በደለህ።»

ስንሻው ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። «ልመልሰው እችላለሁ?» አላት።

«እሱን እኔን አትጠይቀኝ። በእኔ አታመካኝ።»

ዝናቡ ሲያባራ ሊቀ ከናፍር ወረደ። አደባባዩ በሰው ሞላ። ስንሻው ቅሉን ከአንገቱ አውልቆ ከፊቱ አኖረ፤ ማንጠግቦሽ በምርኩዟ ተደግፋ ከጎኑ ቆመች።

«ምንድን ነው?» አለ ሊቀ ከናፍር።

«አፍ ልመልስ ነው።»

ሊቀ ከናፍር እንግዳ ነገር ገጠመው። የሚያውስ እንጂ የሚመልስ አይቶ አያውቅም። ሹማምንቱ ተንሾካሾኩ፤ እርስ በርስ ተያዩ፤ በመጨረሻ ሕጉን የሚያስታውስ አንድ ሽማግሌ ተገኘ። «መላሹ በገዛ ስሙ ይናገር ይላል» አለ።

«መልካም። መላሹ ማነው?»

ስንሻው አፉን ከፈተ። «እኔ…» አለ። ከዚያ ወዲያ አልሄደለትም። የሰው ስም በምላሱ ጫፍ ቆሞ የራሱን መንገድ ዘጋበት።

«መላሹ ማነው?» አለ ሊቀ ከናፍር ደግሞ። «ስም የሌለው ሰው ሊመልስ አይችልም። ቅሉን አንሣ።»

ስንሻው እጁን ወደ ቅሉ ሰደደ። ያኔ ማንጠግቦሽ ተጣራች።

«ስንሻው!»

ሰም ያዡ ዘሎ የሹሙን ጆሮ ደፈነ፤ ሊቀ ከናፍር ወደ ሰማይ አየ። እሷ ግን የጠራችው ሹሙን አልነበረም። ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ ዝም አለች። ዝም በማለቷ ሰሙ ወጣ። ስንሻው ወደ እሷ ዞረ። ፊቱ ከመንደር ርቆ ሲጫወት ሳለ ለምሳ የተጠራ ልጅ ፊት ሆነ።

«አቤት፣ እትዬ» አለ።

ሊቀ ከናፍር ቀና አለ። «አቤት ያለው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ፤ እንባው ይወርድ ነበር። «እኔ ስንሻው። አፏን እመልሳለሁ።»

ማኅተሙ ተሰበረ፤ ቅሉ ተከፈተ። ሊቀ ከናፍር ቅር እያለው «እንግዲህ ማንጠግቦሽ፣ ጆሯችን ክፍት ነው» አለ።

«ወፍጮዬን አልሸጥሁም» አለች።

«ሸጠሻል እንጂ። በገዛ አፍሽ ስትሸጪ ሰምቻለሁ።»

«ጌታዬ፣ አፌ ሲናገር ሰሙ፤ እኔ ስናገር ግን ወደ ሰማይ ያዩ ነበር። ዛሬ ከፊትዎ ቆሜያለሁ። ይዩኝና ይፍረዱኝ።»

ሊቀ ከናፍር ወደ ሹማምንቱ ቢያይ ሁሉም ወደ መሬት ያያሉ። ፍርዱ እንዳይዘገይ የፈራው ሌላ ሰው ነበር፤ ቢተው ከሕዝቡ መካከል እጁን አውጥቶ፣ «ጌታዬ፣ አይጨነቁ። ባዶውን የሚዞር ድንጋይ ይዤ ምን ላድርግ? ፈረሴን ይመልስልኝ። በበሬዎቼ ፈንታ ደግሞ ስንሻው መደቤን ይኮትኩትልኝና ወፍጮዋን ትውሰድ» አለ። ሊቀ ከናፍር ይህን የወሰነው ራሱ እንደሆነ አድርጎ በታላቅ ድምፅ ደገመው።

ጽዱ አልተመለሰም። ላሞቹም፣ የጓሮው መሬትም አልተመለሱም። ስንሻው ክረምትና በጋ የቢተውን ሽንኩርት ሲኮተኩት ከረመ። መንደሩም በስሙ ይጠራው ጀመር፤ መጀመሪያ መጀመሪያ ሲጠሩት ደንገጥ ይል ነበር።

በዚያ የፍርድ ዕለት ከአደባባዩ ሲመለሱ ማንጠግቦሽና ደብሪቱ ከፊት፣ ስንሻው ራቅ ብሎ ከኋላ ይሄዱ ነበር። ፈረሱን ቢተው ስለወሰደው ማንም በፈረስ የሚሄድ አልነበረም። ሁለቱ አሮጊቶች እየተደጋገፉ፣ በየድንጋዩ እያረፉ ሄዱ።

«ይቅር አልሽው?» አለች ደብሪቱ።

«ገና ነኝ።»

«ታዲያ ለምን ጠራሽው?»

ማንጠግቦሽ ቆም ብላ ትንፋሿን ሰበሰበች። «እሱ ጠፍቶ ማንን ይቅር እላለሁ?» አለቻት።

ወፍጮው ጋ ሲደርሱ ቦዩ በሣርና በደለል ሊደፈን ምንም አልቀረውም። ማንጠግቦሽ ወደ ኋላ ሳትዞር «ስንሻው፣ ዶማ አምጣ» አለች። እሱም አመጣ።